በሰንበቴ ወናፍ የተቃጠለው ታይታኒየም

ሙሄዬ፣ በተኛህበት ሰላም ይድረስህ። አንድ ረመዳን ያለ አንተ ፆምኩ። ከሚሴ እንደምታውቃት ናት። የቤታችንን በር አስቀይሬዋለሁ። ባጃጅ ደጃፍ ላይ በቆመ ቁጥር ተሳፋሪዎቹ በአንተ የሚስቁ ይመስለኛል።

ስለ ወንድምህ ስለ ሰይድ ልንገርህ።

ዒዳ ላይ፣ የባል ሞት መጠበቂያዬ ላይ ነበርኩ፤ ከቤት እንደማልወጣ አውቆ ነው የመጣው። ከምትሠራበት ላቦራቶሪ ያመጣሃቸውን የታይታኒየም ዘንጎች “የወንድሜ ማስታወሻ” ብሎ ወሰዳቸው። አንዷ ብቻ አልጋ ሥር ቀረች። ማስታወሻው ምን ሆነ መሰለህ? ሰንበቴ ገበያ ወስዶ ለቀጥቃጭ ሰጠ፤ ወገብ ላይ የሚታጠቀውን ጩቤ፣ ጊሌ አሠራበት። የአውሮፕላን ብረት ጊሌ! በከሰል፣ በወናፍ፣ እስኪነጣ አጋሉት።

አንተ ዕድሜህን የፈጀኸው ለአውሮፕላን ሞተር የሚሆነው ቅይጥ ብረት እንዳይሰበር ነበር። ማጠንከሩ ቀላል ነው፣ ስንጥቅ ሲጀምር እንዳይሮጥ ማድረጉ ነው ከባዱ፣ ትለኝ ነበር፤ ሽንኩርት እየከተፍክልኝ። ታይታኒየም በክፍት እሳት ከጋለ አየር ይጠጣል፣ እንደ ሸክላ ይሆናል። ይህን ለሰይድም ነግረኸዋል። ጫቱን እየቃመ ራሱን ነቀነቀልህ።

ጊሌው ገበያ መሀል ለሁለት ተሰበረ። “አቦ፣ ሙሄ ይሄን ሁሉ ዓመት የተማረው ይሄን ነው? ወላሂ፣ የፍየል ቀንድ ይሻላል!” አለ ሰይድ። ሳቁ። የገበያተኛው ሳቅ ከሚሴ ድረስ መጣ። ሥራህ ሁሉ ውሸት ነበር ተባለ።

ዒዳዬን እንደጨረስኩ የቀረችውን ዘንግ በሻሽ ጠቅልዬ ወደ ሰንበቴ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ብትሰበርስ? መንገዱን ሙሉ ይህ ብቻ። ቀጥቃጩ ዘንድ ሰው ተሰብስቧል፤ ሰይድም መሀላቸው ቆሟል። ሰይድን “እሳት ሳታሳያት፣ አንተው ምታት” አልኩት።

በመዶሻ መታ። ደገመ። ላብ አጠመቀው።

ጎበጠች። አልተሰነጠቀችም።

ይቅርታ ያለ የለም፣ ሙሄዬ። ሰይድ “ይቺ ሌላ ብረት ናት” አለ። ከዚህ ሰው ጋር ነው አንድ ጡት የጠባኸው። የቀሩት በፍየል ዋጋ ሊከራከሩ ተበተኑ፤ ሲስቁብህ የነበሩት እነሱው፣ እንዳልሳቁ ሆነው። ለጥላቻ እንኳ አይበቁም። ንቄያቸዋለሁ።

ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አውሮፕላን ሲያልፍ አንጋጠው ያያሉ። እንዳይወድቅ ማን እንደተጨነቀ አይጠይቁም። ይሳፈሩ፣ ይድረሱ።

ስምህን ግን ለእነሱ አፍ አልተውም። እኔ ጋ ይሆናል፤ አንተ ዘንድ እስክመጣ።