ያልነበሩ ታካሚዎች

ጥቅምት 8 ቀን 2010
ቆሰበር ዛሬም ዝናብ። ቢሮ ውስጥ እኔና ሽመክት ብቻ፤ አለቃዬም ጓደኛዬም እሱ ነው። ለዳንግላው የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ፕሮግራም እየሠራን ነው። መሞከሪያ የሚሆኑ የሌሉ ታካሚዎች ያስፈልጉናል። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እነሱን የሚፈጥር ኮድ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ያሳፍራሉ። የሰባ ዓመት ነፍሰ ጡር... ሳይወለድ የታከመ ሰው። ማን ያምነኛል?

ጥቅምት 11
ገባኝ! ሁሉንም ነገር ለየብቻው ቀድሜ እየፈጠርኩ ነበር። አሁን እያንዳንዱ መረጃ ሌላው ሲጠይቀው ብቻ ይፈጠራል። ሕመሙ ዕድሜውን አይቶ ይመጣል፤ የመውጫው ቀን የመግቢያውን ይጠብቃል። ሰው መሰሉ።
ሽመክት ግን ቸኩሏል። "ሶስና፣ ሐሙስ እኮ ለክሊኒኩ እናሳያለን። የክሊኒኩን መዝገብ ገልብጠሽ አስገቢው።"
"የሰው ምስጢር ነው።"
"ማን ያየዋል?"
እምቢ አልኩ። ወደ ራሱ ኮምፒውተር ዞረ።

ጥቅምት 16
ዳንግላ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። ሽመክት ፕሮግራሙን ግድግዳው ላይ አበራው። የኔ ታካሚዎች አይደሉም... እውነተኞቹ ናቸው።
ይታይሽ ደጉ፣ 29 ዓመት፣ የወሊድ መከላከያ መርፌ።
በዚህ ሳምንት የተቀጠረችው ገንዘብ ተቀባይ ውዴ ተነሳች። "የወንድሜ ሚስት ናት። እሱ ልጅ አጣሁ ብሎ በየጠበሉ ይዞራል!"
የፕሮጀክተሩን ገመድ ነቀልኩት። ምን ዋጋ አለው?

ጥቅምት 17
ሽመክት ይቅርታ ጠየቀ። እኔን። ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

ጥቅምት 21
ውዴ ጋ ደወልኩ። "ወንድሜ አባረራት። አዲስ ቅዳም ከተማ እህቷ ቤት ናት" አለችና ዘጋችው።
ሄድኩ። ይታይሽ አንድ ዓይኗ አብጧል።
"ስሜን አደባባይ ያወጣሽው አንቺ ነሽ?"
"አይደለሁም... ግን ፕሮግራሙን ሠርቻለሁ።"
ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች። "ልጅ የጠላሁ እንዳይመስልሽ። ሁለቴ አርግዤ ሁለቴም ባሌ በእርግጫ አስወረደኝ። ሦስተኛውን ላስገድለው?"
ወንበሬን ወደሷ አስጠጋሁ።
"ልከሳቸው ነው" አለች። "እሱንም፣ መዝገቤን የገለጡትንም። ምስክር ትሆኚኛለሽ?"
እሺ አልኩ። ሚኒባስ ውስጥ ነው ፍርሃቱ የመጣው።

ኅዳር 3
ምስክር እንደምሆን ለሽመክት ነገርኩት። "እንጀራችንን ልትዘጊ ነው" አለ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አምስት ዓመት አብረን ሠርተን... አልጠራኝም።

ታኅሣሥ 12
ፍርድ ቤት ነበርኩ። ሥራ የለኝም። ክሊኒኩ ውሉን አፍርሷል፤ ሽመክት በር ላይ አይቶኝ ፊቱን አዞረ። የይታይሽ ባል ወገኖች ወንበሩን ሞልተውታል፣ ውዴም አለች።
ያየሁትን ተናገርኩ። ዳኛው "ግድግዳው ላይ የታየው ስም የማን ነበር?" አሉኝ።
በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደገና ስሟን እኔ ልጥራ?
ከኋላዬ ወንበር ተንቀሳቀሰ።
"የኔ ነው" አለች። "ይታይሽ ደጉ እባላለሁ።"