ባትሪ ታቅፌ የቆምኩበት ቀን

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 13

ለምወድሽ ባለቤቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ከወትሮው ለየት ባለ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው በስልክ፣ "ያ ኤሌክትሪክ ሳይክል ልጃችንን መንገድ ላይ ጥሏት የቀረ ዕለት ሽጠው፤ እሷም ሥራውን ትታ እኔ ጋ ትምጣ" ብለሽኝ ነበር። እኔም እሺ ብዬሻለሁ። እንግዲህ ትናንት ጣላት። የሆነውን በተራ ልንገርሽ።

አንደኛ፣ የበረዶ ሳጥኑ ነገር። ሚጣ እንደምታውቂው በየታማሚው ቤት እየዞረች የቀዳችውን ደም በዚህ ሳጥን ይዛ ከምሳ በፊት ላብራቶሪ ማድረስ አለባት። ከዘገየ ይበላሻል፣ ታማሚውም እንደገና ይወጋል፣ እሷም ገና የሙከራ ጊዜዋ ነው። አይ፣ አንደኛ መሆን የነበረበት ምንም እንዳልሆነች ነው። ምንም አልሆነችም።

ትናንት ሳጥኑ ሞልቶ ሳለ ድልድዩ ሥር የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። ደወለች። "አባዬ፣ ጎማ ተንፍሶብኝ ነው፣ ለምሳ እዘገያለሁ። እንዳትመጣ" አለችኝ። እንዳትመጣ ያለችውን አልሰማሁም አልልሽም፤ ሰምቻለሁ። ግን ቆሌዬ ተገፍፎ የጎረቤታችንን ፒካፕ ከነባለቤቱ ይዤ በረርኩ።

ስንደርስ ሳይክሉን በጎኑ አስተኝታ፣ ባትሪውን ነቅላ፣ ሳጥኑን ጥላ ውስጥ አስቀምጣለች። ሳይክሉን ላነሳ ጎንበስ ስል፣

"አባዬ፣ ተው።"

"ደሙ ይበላሻል እኮ ልጄ። እንጫነው።"

"ዛሬ ከጫንከው ነገም ትጭነዋለህ። ይልቅ ይቺን ያዝልኝ፣ መሬቱ እርጥብ ነው" ብላ ባትሪውን አስታቀፈችኝ።

ባለ ፒካፑ አየኝና "ወንድሜ፣ ሕፃኑን እንዳታስለቅሰው" አለ።

ሁለተኛ፣ ዳዶው። ጎማውን ልታወጣ ብትታገል ዳዶው አልፈታ አላት። "ማነው ይኼን እንዲህ ያጠበቀው?" አለች። እኔ ወደ ድልድዩ አየሁ። እንዳይላላባት ብዬ ማታ ማታ ሳጠብቀው ከርሜያለሁ፤ እሷም ሳታውቅ አትቀርም። ቁልፉን ልቀበላት ስል "ይቅር፣ አያስፈልግም" ብላ ጎማውን እዚያው እንደታሰረ በአንድ በኩል ፈልቅቃ የውስጡን ጎማ መዝዛ አወጣችው። ለካስ ሞተሩ ከነሽቦው የኋላ ጎማው ላይ ስለሆነ እንዲህ መሥራቱ ይቀላል። እኔ ይኼን መች አውቄ።

ነፋችውና ወደ ጉንጯ አስጠግታ ትንፋሹ የሚወጣበትን ፈለገች። "የአንዳንድ ሰው ደም ሥር ከዚህ ይብሳል" እያለች አገኘችው። ማስቲሽ ቀብታ ለጠፈች። አለቀ ብዬ ባትሪውን ላቀብላት ስል ደግሞ ከቦርሳዋ ጥጥ አውጥታ የውጩን ጎማ ውስጥ ቀስ እያለች ትዳብስ ጀመር። ጥጡ አንድ ቦታ ያዘ። ፀጉር የምታክል ሽቦ ናት። በመቆንጠጫ ነቀለቻት።

"ይቺን ሳላወጣ ብሄድ ኖሮ መታጠፊያውን አላልፍም ነበር።"

"ጎሚስታ ብትሆኚ ያዋጣሻል" አላት ባለ ፒካፑ።

"ለአባዬ ደም ቀጅነቴ ራሱ በቂ ጭንቀት ነው" አለችው ሳትስቅ።

ነፍታ፣ ባትሪዋን ከእኔ ተቀብላ፣ ሳጥኗን አስራ ተነሳች። "አትከተሉኝ" አለች። ትንሽ ራቅ ስትል "ቀስ ብለን ከኋላ ከኋላ..." ስለው ባለ ፒካፑ ሞተሩን አጠፋብኝ። "ልጅቷ አትከተሉኝ ብላለች፤ አንተ ልትዋረድ ከፈለግህ በእግርህ" አለኝ። ምን ላድርግ፣ ቆሜ እስክትታጠፍ ድረስ አየኋት። ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው። የአንቺን ነው።

ከምሳ በፊት ደወለች፤ ደሙን ተቀብለዋታል።

ስለዚህ እሺ ያልኩሽን መልሼ ወስጃለሁ። ሳይክሉን አልሸጥም። ሚጣም አትመጣም፤ ከመጣች ልትጠይቅሽ ነው እንጂ ፈርታ አይደለም። ባለ ፒካፑ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶልኛል። ዛሬ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ "የዚያች ልጅ አባት" አሉኝ፤ እንዳልሰማ ሆኜ ድገሙት አልኳቸው።

ስለ እሷ ብለሽ ከእንግዲህ እንቅልፍ አትጪ። እዚያ የምትሠሪበትን ኮንትራት ላድሰው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ አልመለስኩልሽም ነበር። ለልጅሽ ብለሽ የምትመለሺ ከሆነ፣ እሷ በደህና ቆማለች። እኔ ግን ያለ አንቺ እንዲህ ቆሜያለሁ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም።

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክልሽ።

ያንቺው፣
የሚጣ አባት