ደህና ነኝ የሚለው ምልክት

ሰበታ፣ ኅዳር 18 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለጂቱ ጂሬኛ
ጅቡቲ

የምወድሽ ልጄ ጂቱ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ያ የሚያቃጥል አየር ትንሽ በረደልሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናትሽ ገለቴ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ነች። ጤፉ ደርሷል፤ አጫጅ ግን የለም። ወጣቱ ግማሹ ታስሯል፣ ግማሹ ዘመድ ጋ ሸሽቷል። እኔና ጎረቤታችን ኦቦ ቦጂያ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ማጭድ ይዘን እንውላለን፤ ከምናጭደው የምናርፈው ይበልጣል። ወገቤ ደክሟል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለመናዬ ደክሟል።

በሹፌሩ በዘርሁን እጅ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ስልክ አይታመንም፣ ኢንተርኔቱም ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ስለዚህ እኔም በእሱው እጅ እልክልሻለሁ። የሞቱማን መታሰር ከእሱ ሰምተሽ «ወንድሜን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ተይ። ሥራሽን እንዳትለቂ። እዚህ መጥተሽ ምን ልትሆኚ ነው?

እኔ እንኳ ያንቺን ሥራ ለሰው ሳስረዳ ግማሽ ባሕረኛ ሆኛለሁ። ጀልባ ላይ ወጥ ልትሠሪ ሄደሽ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የአየር ጋን አዝለሽ፣ ፈረንጅ አስከትለሽ ባሕር የምትጠልቂ ሆንሽ። ክረምት ላይ ወንዝ ለመሻገር እናቴ ካላዘለችኝ ብለሽ የምታለቅሺ ልጅ! ቦታው ጥልቅ አይደለም፣ የሦስት ሰው ቁመት ቢሆን ነው ስትዪን፣ እናትሽ «ለመስጠም የአንድ ሰው ቁመት መች አነሰ?» አለች። ያ ኮራል ያልሽው፣ ድንጋይ መስሎ ሕይወት ያለው ነገር፣ በእጅ አለመነካቱ ገርሞኛል። ውኃ ውስጥ ትንፋሽ መያዝም ክልክል ነው ብለሻል። እኛ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ትንፋሻችንን ይዘን ነው የከረምነው።

የሆነውን ቆራርጠሽ ነው የሰማሽው፤ ከሥሩ ልንገርሽ። ከውኃው ብቅ ብለሽ፣ ሁለት እጅሽን ከራስሽ በላይ አንሥተሽ፣ የጣቶችሽን ጫፍ ያገናኘሽበትን ፎቶ ሞቱማ ስልኩ ላይ አድርጎት ነበር። ለጀልባው ነጂ «ደህና ነኝ» ማለት እንደሆነ ጽፈሽልናል። ፎቶው ግን ከሩቅ የተነሣ ነው፤ ፀሐይም አለበት፤ ክንዶችሽ የተጣመሩ ይመስላሉ። አንቺ ስትሄጂ እዚህ እጅን ከራስ በላይ ማጣመር ምንም ማለት አልነበረም። ዛሬ የተቃውሞ ምልክት ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ያሳስራል። ሞቱማ ከሥራ ሲመለስ የጅማ መንገድ ላይ ሚኒባሱን አስቁመው ስልክ ሲፈትሹ ፎቶሽን አገኙ። «ይቺ ማናት?» ሲሉት «እህቴ ናት» አለ። «ምን እያለች ነው?» ሲሉት «ደህና ነኝ እያለች ነው» አለ። ያላገጠባቸው መሰላቸውና አወረዱት።

በታሰረ በአራተኛው ቀን እኔና ኦቦ ቦጂያ ስለ ምልክቱ የጻፍሽበትን የድሮ ደብዳቤሽን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ሃምሳ አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ደብዳቤሽን እስከ መጨረሻው አነበበው።

«አባቴ፣ ደህና የሆነ ሰው እጁን ወደ ላይ ያነሣል እንዴ?» አለኝ።

«ባሕር ላይ ናት፤ ብትጮህም አይሰማም።»

«ታዲያ እጇን አታወዛውዝም?»

«ካወዛወዘችማ ድረሱልኝ ማለት ነው» አልኩት።

ኦቦ ቦጂያም «ዱጋ ኢሳቲ! እውነቱን ነው፤ እኔም ሲነበብ ሰምቻለሁ» ብሎ መሰከረልኝ።

ሃምሳ አለቃው ሳቅ አለ። ከታሰረብን ወዲህ የሳቀ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። «እስቲ እንዴት እንደምታደርገው አሳዩኝ» አለ።

በረንዳው ላይ ነበርን። እስረኞቹን ፀሐይ እንዲሞቁ ግቢው ውስጥ አውጥተዋቸዋል፤ ሞቱማም ከሩቅ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ጋቢዬን ለኦቦ ቦጂያ ሰጥቼ ሁለት እጄን አነሣሁ፤ ልክ እንደጻፍሽው ጣቶቼን ጫፍ ለጫፍ አገናኘሁ።

መጀመሪያ አንድ ጎልማሳ አየኝ። ከመቀመጫው ተነሥቶ እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ። ቀጥሎ አጠገቡ ያለው። ከዚያ አርባ የሚሆን ሰው፣ አንድ ድምፅ ሳያሰማ፣ እጁን አጣምሮ ወደ እኔ ዞረ። ሞቱማም አነሣ።

በማግሥቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበሩትን በሙሉ በሁለት መኪና ጭነው ለሥልጠና ነው ብለው ወሰዷቸው። የት እንደሆነ አልነገሩንም። ይኸው አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። እኔን ለሽምግልናዬ ብለው ተዉኝ።

ከዚያ ወዲህ በሰበታ መንገድ እንደ ልቤ መሄድ ቀረ። ጎረምሶች ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንዲት የማላውቃት ሴት ጉልበቴን ስማኝ ሄደች። ኦቦ ቦጂያ «በስተርጅና ጀግና ወጣህ» እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ መተኛት ነው የምመኘው፤ ከተኛሁም እንቅልፉ የለም።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አለቃሽ ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ይጻፍልን። ማኅተም ይኑረው፤ ማኅተም ከሌለው ዞር ብለው አያዩትም። ምልክቶቹ ሁሉ የተሳሉበት መጽሐፍ አለ ብለሽኝ ነበር፤ ያንን ገጽ ኮፒ አድርገሽ አያይዢው። ሃምሳ አለቃው «ማስረጃ ካመጣችሁ የሞቱማን ስም ከሚለቀቁት ጋር አስልካለሁ» ብሎኛል። የታሳሪዎቹ ማጣራት ታኅሣሥ ሳያልቅ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሰው ክስ ነው የሚጠብቀው።

ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ማለትሽን ግን ተዪው። ሃምሳ አለቃው ከሳቀ በኋላ ሞቱማን በዚያው ቀን ሊለቅልኝ ነበር፤ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። ይህን ለእናትሽ አልነገርኳትም። እሷ አሁንም «ያ ፎቶ፣ ያ ፎቶ» ትላለች፤ እኔም ዝም እላለሁ፤ ዝምታዬም ያሳፍረኛል።

ለሰው ሁሉ «ላሳይ ብዬ ነው እጄን ያነሣሁት» እላለሁ። ሳነሣው እውነት ነው፣ ላሳይ ብዬ ነበር። መንግሥት መሬት ሊወስድብን ሰዎቹ እርሻችን ላይ ችካል ሲተክሉ እጄን አጣጥፌ ያየሁ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። ያን ዕለት ግን ሃምሳ አለቃው «አውርዱ፣ አባቴ፣ ስለ እግዚአብሔር አውርዱ» እያለ ሦስት ጊዜ ለመነኝ። ኦቦ ቦጂያ የደነገጥኩ መስሎታል። አልደነገጥኩም፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ልጄም መካከላቸው እንዳለ አይቻለሁ። እጄን አላወረድኩም፤ ጣቶቼን አላቅቄ ክንዶቼን እንደ እነሱ አጣመርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ።

ስትወርጂም ስትወጪም እግዚአብሔር አይለይሽ፤ የምትመሪያቸውንም ሰዎች ለየእናታቸው በሰላም ይመልስልሽ። እናትሽ ትስምሻለች። ወረቀቱን ቶሎ ላኪልኝ።

አባትሽ
ጂሬኛ ኦዳ