ጽሑፉ ላይ የሌለው ቃል

ይድረስ ለድሮ ወዳጄ፤ ደምቢ ዶሎ

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ፣ ዓይንህስ? ባለቤትህ ካረፈች ዓመት እንዳለፋት ከአውቶቡስ ረዳት ሰማሁ። ነፍሷን ይማር። ለለቅሶ አልመጣሁም፤ አንተም ለእናቴ አልመጣህም። እኔ ደህና ነኝ፤ የከዳኝ ጥርሴ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ እዚህ ነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ቆጠርኩ። ያኔ በወጣትነታችን አንተ የሱቁ ቆርቆሮ ላይ በጠመኔ ትጽፋለህ፣ እኔ በቀለም እከተልሃለሁ። የነቀምቴን ሱቆች ስም ሁሉ ቀብቼ አንዱንም ማንበብ አልችልም ነበር። የጸጉር ቤቷ ቆንጆና የሥጋ ቤቱ በሬ ግን የእኔ ነበሩ።

ለከተማችን ኪነት ቡድን መጋረጃ ልቀባ ሄጄ፣ እናት የምትጫወተዋ ስለታመመች በእሷ ቦታ ገባሁ። በሃያ ስምንት ዓመቴ ሽበቱን በኖራ፣ መጨማደዱን በብሩሽ ፊቴ ላይ ስስል፣ አዘጋጁ ፈየራ “አንቺ፣ እርጅናን በዱቤ ወሰድሽው እኮ!” እያለ ይስቅብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወጣት ሆኜ መድረክ ወጥቼ አላውቅም። አማት ሆንኩ፣ ለማኝ ሆንኩ፤ ዛሬ በቴሌቪዥን አያት ነኝ። ገበያ ስወጣ ግን አሁንም “አካም ጂርታ፣ ሃዳ ኤባ” እያሉ ሰላም ይሉኛል። በዚያ በመጀመሪያው ቲያትር የልጄ ስም ኤባ ነበር። ሳልወልድ የኤባ እናት ሆኜ አረጀሁ።

ቃሌን የምታስጠናኝ አንተ ነበርክ። ታነባለህ፣ እደግማለሁ። አራት ዓመት የሌላ ሰው ቃል ስታነብልኝ ኖረህ የራስህን አንዲት ቃል ነፈግከኝ። ከዚያ ወደ ደምቢ ዶሎ የሥራ ዝውውር ደረሰኝ ብለህ ሄድክ። ሠላሳ ስድስት ዓመት በዚህ ተቀይሜሃለሁ።

አሁን ዱረቲ የምትባል ወጣት አዘጋጅ ያንን ቲያትር ለግንቦት ልታሳየው ነው። እናቲቱን እንድጫወት ጽሑፉን አመጣችልኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አነበብኩት። እናቲቱ ያላት አራት መስመር ነው። አራት! አምስተኛውስ የታለ ብላት፣ “ሃርሜ፣ እናቴ፣ ሙሉው ይኸው ነው። ደራሲው ሌላ አልጻፈላትም” አለችኝ። ተጣላኋት። የፈየራን የድሮ ቅጂ ፈልጋ አመጣች፤ እሱም አራት ነው። ያኔ ፈየራ አምስተኛዋን ሰምቶ “ከየት አመጣሻት?” ሲለኝ ለካ ከልቤ የፈጠርኳት መስሎት ነው፤ እኔ ድምፄን የሚያደንቅ መስሎኝ ነበር።

ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀርህ፣ አዲስ ቃል ተጨመረ ብለህ ያስጠናኸኝ ትዝ ይልሃል? እናት ልጇን ስትሸኝ፣ “እኔም ድሮ ከአገሬ ስወጣ፣ ቅሪ የሚለኝ አንድ ሰው ባገኝ እቀር ነበር” ትላለች። ዓይንህን ከዓይኔ ሳትነቅል ሃያ ጊዜ አስባልከኝ። ይዤዋለሁ፣ ምን ነካህ ብዬ ሳቅሁብህ። ወረቀቱን አጥፈህ ወጣህ። እሁድ ጊምቢ ላይ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አልኳት፤ ሰው አለቀሰ። አንተ መጋረጃው ጥግ ቆመህ ታየኝ ነበር። ሰኞ ሄድክ።

አንተ ፈሪ። እኔም ደንቆሮ።

ያቺን ቃል ከእንግዲህ መድረክ ላይ አልላትም፤ ለዱረቲ አራቱ ይበቃሉ ብያታለሁ። መንገዱ ሰሞኑን ደህና ነው፤ አውቶቡሱም ጠዋት ይነሳል ይላሉ። ለቲያትሩ ና። የመመለሻ ትኬት ግን አትቁረጥ።

እግዚአብሔር ለመንገድ የሚበቃ ጉልበት፣ ለቀሪውም ዕድሜ ይስጥህ።

ወዳጅህ