ከሩቅ አልጋ የሚታይ ቋንቋ

መስከረም 18

ቀኑን ሙሉ አንሶላ። ሆቴሉ ሞልቷል መሰለኝ፣ ካውያው ከእጄ አልወረደም። አለቃዬ መጥቶ ፊቴ ቆመና አፉን ሲያንቀሳቅስ፣ ሲያንቀሳቅስ ቆይቶ ሄደ። ምን እንዳለ እንጃ። እንደማልሰማው አሳምሮ ያውቃል፣ ግን ካልተናገረ አለቃ የሆነ አይመስለውም።

ከሥራ በኋላ ዳቦ ቤት፣ ከአዝራር ጋር። አርብ አርብ ቀርተን አናውቅም። መስኮቱ ጋ ያለችው ጠረጴዛ ብርሃን ስላላት የእኛ ናት። አዝራር የተባለችው ልጅ ሆና የአንገቷን አዝራር ስታኝክ ስለምትውል ነው። ጣት አንገት ላይ ካደረግሽ እሷን ጠራሽ ማለት ነው። እኔ ቅንድብ ነኝ፣ ከአልጋ ወድቄ የተተረተረው ቅንድቤ። እናት አባት ያወጡልን ስም መታወቂያ ላይ አለ… ማን ይጠራበታል?

አለቃዬን አስመስዬ ሳሳያት ስቃ ሻይዋን ደፋችው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኛ ስናወራ ቦታ እንፈልጋለን፣ ክንዳችን ይዘረጋል። አስተናጋጁ በእኛ በኩል ሲያልፍ ጎንበስ ማለት ለምዷል።

ካፊያ መጥታ ወሰደቻት። የወንድሟ የልጅ ልጅ ናት፣ እንደኛው ጆሮዋ አይሰማም፣ አስተማሪ ልትሆን ትማራለች። ጣቶቿ እንደ ካፊያ ቶሎ ቶሎ ስለሚወርዱ እንዲህ ያልኳት እኔ ነኝ። በአንድ እጇ ስልክ ትይዝና በሌላው ታወራለች። ግማሹ አልገባኝም። በመጨረሻ ስልኳ ላይ ጻፈችልኝ፤ እኔም ጻፍኩላት። ሁለት የማንሰማ ሰዎች በሰሚዎች ቋንቋ ተጻጻፍን። የሚያስቅ ነገር ነበር… አልሳቅኩም።

መስከረም 25

ካፊያ ዛሬ ቀደም ብላ መጥታ አብራን ተቀመጠች። «መምህር» የሚለውን እንዴት እንደምንል ጠየቀች። አሳየናት። በአንዱ እጅ የሌላውን ጀርባ መምታት ነው፣ በማስመሪያ እንደሚመታ። ፊቷ ተለወጠ። የእነሱ «መምህር» ከግንባር ይነሳና ወደ ፊት ይሰጣል፣ እውቀትን ከጭንቅላት አውጥቶ እንደ ማደል። የእኛን መምህር አላወቋትማ።

እንዴት ያውቋታል… በእኛ ጊዜ ባደግንበት አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ በእጅ ማውራት ክልክል ነበር። ክፍል ውስጥ የአስተማሪዋን ከንፈር እያየን አፋችንን እንድንከፍት ነው የምንማረው። እጅ ከተነሳ ማስመሪያ። የምናወራው መኝታ ቤት ስንገባ ነው። ማንም አላስተማረንም፤ ትንሿ ከትልቋ እየወሰደች፣ የጎደለውን እየፈጠርን። መብራት የሚባለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለች አንድ አምፖል ነበረች። ከወዲያኛው ጥግ አልጋ ላይ ያለችው እንድታየን መዘርጋት ነበረብን። «ውሃ» ለማለት መላ ክንድን አንስቶ የግቢውን ፓምፕ መጫን። «እናት» ለማለት እጅን ከፍ አድርጎ ማውለብለብ፤ ሁላችንም ስንገባ እናታችንን ያየናት በሩ ላይ ቆማ እጇን ስታውለበልብ ነው።

አዝራር ይህን ጽፋ ስታስረዳት ልጅቱ አቀረቀረች። እኔ ደግሞ የሚያሳዝን ነገር መሆኑን ዛሬ ገና አየሁት። ለእኔ እናት ማለት ነው፣ በቃ።

አዳሪ ቤት አብራን ያደገችው ጥርሶ ካረፈች ወዲህ ይህን የምናወራ ሁለት ቀረን። ሌሎቹ ተበትነው የአዲሶቹን ለመዱ። አዝራርም ትንሽ ትንሽ ትሞክረዋለች፣ አይቻታለሁ። እኔ ግን እምቢኝ። በስተርጅና አፍ ልፍታ እንዴ?

ጥቅምት 9

አዝራር አልመጣችም። ሁለት ሻይ አዝዤ ነበር።

ጥቅምት 11

ቀኝ ጎኗን መትቷት ሆስፒታል ተኝታለች። ስትሮክ ነው ብላ የወንድሟ ልጅ ጻፈችልኝ፣ የካፊያ እናት። እሷ ሰሚ ናት፣ ልብስ ሰፊ፣ ደግ ሴት። በእጅ የምታውቀው «ብዪ» እና «ነዪ»ን ነው። ከልጇ ጋር እንኳ ግማሹን በጽሑፍ ነው።

ነገ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ባይሰጠኝም እሄዳለሁ።

ጥቅምት 12

አየኋት። አፏ በአንድ በኩል ወርዷል። ቀኝ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተጋድሟል። ስታየኝ ግራ እጇን አነሳች፣ አንድ ነገር አለች… ግማሽ ነው። የእኛ ነገር አብዛኛው በሁለት እጅ ነው። በአንዱ ሲሆን ምን ይባላል? እሷም እንዳልገባኝ አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

ከዚያ ምን አደረግኩ… አልጋው ላይ በቀኝዋ በኩል ተቀመጥኩና ቀኝ እጄን ከግራዋ ጎን አደረግኩት። ስትጀምረው ገመትኩ፣ የጎደለውን እኔ ሞላሁት። «ዳቦ ቤት»። አንደኛውን እጅ እሷ፣ ሌላውን እኔ። ከዚያ «ሻይ»። ከዚያ «ብቻሽን ጠጣሽ?» አንድ አፍ ለሁለት ተካፍለን አወራን።

ነርሷ ገብታ ቆማ አየችን። ምን እንደመሰላት እንጃ። ጸሎት ሳይመስላት አይቀርም።

ጥቅምት 30

ወደ ቤት መልሰዋታል። ከሥራ በቀጥታ እሷ ጋ ነው። እንደዚያው እየተካፈልን እናወራለን። ቀስ ይላል ግን ይሄዳል። አንዳንዴ ከመጨረሷ በፊት እጨርስላትና ትቆጣለች፤ ያላሰብኩትን አታናግሪኝ ትለኛለች። በሽተኛ ሆናም ነገረኛ ናት። ተመስገን።

ኅዳር 14

ካፊያ ፊቷ ተቀምጣ የእነሱን ስታስተምራት ደረስኩ። በአንድ እጅ፣ ትንንሽ፣ ደረት ላይ። አዝራር እንደ ተማሪ እየደጋገመች። ስትሳሳት ልጅቱ ጣቷን ይዛ ታስተካክላታለች። ገባሁ፣ ቀና ብላ አላየችኝም። በቀኟ በኩል ቆሜ ረጅም ነገር ነገርኳት፣ ስለ አለቃዬ፣ ስለ አዲሱ የልብስ መጭመቂያ ማሽን። አልመለሰችልኝም። ፊቷ ወደ ልጅቱ ነው።

እንደ እንግዳ ቆሜ ቀረሁ። ሻይ አመጡልኝ። ጠጣሁና ወጣሁ።

ኅዳር 21

ዛሬ አላስቻለኝም። ለምን የእኛን ትተዪዋለሽ አልኳት። ፊት ለፊቷ ቆሜ ነው፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ሳልቆጥብ። አየት አደረገችኝ፣ ደክሟታል። በግራ እጇ፣ ግማሹን በእኛ ግማሹን በእነሱ፣ ቀስ ብላ መለሰችልኝ፦

«ከአንቺ ጋር ዕድሜ ልኬን አወራሁ። ከእሷ ጋር ገና አላወራሁም።»

«ታዲያ እኔ ከማን ጋር ላውራ?»

«የእነሱን ተማሪ።»

ተማሪ አለችኝ። እንዲህ በቀላሉ። ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ። ከእንግዲህ አልሄድም። ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 23

አልሄድኩም።

ታኅሣሥ 2

እንቅልፍ የለም። ሥራ ቦታ አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፤ ጓደኛዬ ሰሚ ናት፣ ጫፉን ይዛ ትመጣለች፣ ትሰጠኛለች፣ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የተለዋወጥኩት ያ ብቻ ነው። ቤት ስገባ እጄ ሥራ ፈት። ሰሚ ሰው ብቻውን ሲሆን ለራሱ ያወራል ይላሉ። እኔ አልቻልኩበትም። የሚያየኝ ከሌለ ምኑን ተናገርኩት?

ይህን መጻፍ ያው ነው… የሰሚዎች ነው፣ የተዋስኩት ልብስ። ከአዝራር ጋር ያወራሁትን እዚህ ሳሰፍረው ይቀዘቅዛል።

ደግሞ ሳስበው ሳስበው… ካፊያ ለምን እንዲያ ጠበበች? በስልክ ነዋ የሚያወሩት። ስክሪኑ ፊትና ደረት ነው የሚያሳየው፣ እጅ ከዚያ ከወጣ የለም። አንዱ እጅ ደግሞ ስልኩን ይዟል። እና የተረፈው አንድ እጅና አንዲት መስኮት ነው። እኛስ? በዚያች አምፖል ምክንያት አይደል የሰፋነው? ከእኛ በፊት የነበሩት ትልልቆቹ ልጆች «ሳሙና» ለማለት አራት ነገር ያደርጉ ነበር፤ ለእኛ ረዘመብንና አንዷን ብቻ አስቀረን። ማንም አልከሰሰንም። እነሱም አኩርፈው ይሆን? ማን ያውቃል።

ገብቶኛል። ቢገባኝም አልቀለለኝም።

ታኅሣሥ 16

የአዝራር የወንድም ልጅ ላውንደሪው ድረስ መጣች። ደነገጥኩ፣ ሞተች ብዬ። አይደለም። ከእንፋሎቱ ወጣ ብለን ቆምንና ስልኳ ላይ ጻፈችልኝ፦ «እትዬ፣ ምነው ቀሩብን? በየዕለቱ በር በሩን ታያለች።»

የእነሱን ተማሪ ያለችኝ እሷ ናት ብዬ ጻፍኩ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ ሌላ ነገር ጻፈች። ሐኪሙ ከመረመራት ቆይቷል። የሁለቱም ዓይኖቿ ቀኝ ቀኝ ጠፍቷል። ቀኟን አታይም። ፊቷ የቆመ ሰው ግማሹ የለም። ሰፋ ያለ ነገር ስታሳዪያት አንዱ ክንድ ብቻ ይታያታል፣ ሌላው ጨለማ ውስጥ ይገባል። ትንንሹ የካፊያ ግን ወደ ግራ ጠጋ ብላ ስታደርግላት ሙሉው ይታያታል።

ለምን አልነገራችሁኝም?

«እንዳንነግርዎ ለምናን ነው። ቅንድብ ክንዷን ለእኔ ስትል ትሰበስባለች፣ ያንን ማየት አልፈልግም ብላ።»

በቀኟ ቆሜ ያን ሁሉ ስለ አለቃዬ ስነግራት… ለካ አላየችኝም። እኔ ደግሞ ናቀችኝ ብዬ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይላሉ፤ ለእኔ ዓይንም ጨመረበት።

ታኅሣሥ 17

ሄድኩ። በግራዋ ተቀመጥኩ። ስለ ቀረሁበት አልጠየቀችኝም፣ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ ብቻ። ጆሮሽ ሌላ ምን ሊጠቅም ማለቷ ነው።

የእኛን አሳንሼ ልናገር ሞከርኩ። አይሆንም። ፓምፑ ሲያንስ መንቀጥቀጥ ይመስላል። ሌላውም ሌላውም ተበላሸ። ልረዳት ብዬ እጄን በቀኟ በኩል ላደርግ ስል ተወችው፤ በዚያ በኩል የእኔ እጅ ሲመጣ አይታያትም፣ ያስደነግጣታል፤ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ችላው ነው። ማልቀስ ፈለግኩ፣ አለቀስኩም።

ስወጣ ነው። እሷ በረንዳው ላይ ወንበሯ ላይ ናት፣ እኔ የግቢው በር ደርሼ ዞር አልኩና እንደ ድሮዬ በሰፊው «አርብ እመጣለሁ» አልኩ። ቀና አለች። ከወንበሯ ልትነሳ ሁሉ ቃጣት። አየችው! ሙሉውን። ከሩቅ ስሆን ትንሽ ስለምሆን በደህናው ግማሿ ውስጥ ሁለቱም ክንዶቼ ይገባሉ። ቦርሳዬን መሬት ጥዬ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት፣ ጥርሶ ሳሙና የበላችበትን፣ ሞግዚቷ አረፋ ስታይ ያበደች መስሏት የሮጠችበትን። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከዚያ ድረስ አየሁት። ሳቅ ነው።

ስትመልስልኝ ግን በአንድ እጅ፣ ትንሽ ነው። የእኔ ዓይን ከዚያ አያነበውም። ሄጄ አነበብኩ። ተመልሼ መለስኩ። ሄጄ አነበብኩ። የወንድሟ ልጅ የልብስ ስፌት ማሽኗን ትታ በመስኮት ታየን ነበር።

ታኅሣሥ 24

ዛሬም እንዲሁ። አንድ ነገር ለመባባል ግቢውን መሻገር። ጉልበቴ።

ጥር 1

ስለ እናቶቻችን አወራን። ከበሩ ላይ።

ጥር 8

ጉንፋን። አልሄድኩም። ካፊያ ላውንደሪው መጥታ መልእክት አደረሰችልኝ፣ ሳትጽፍ፣ በእጇ ቀስ አድርጋ፤ ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ። ደህና ናት ማለቷ ነው መሰለኝ።

ጥር 15

ከስታለች። ወንበሩ ላይ በትራስ ደግፈዋታል። ወደ በሩ ሄጄ ጀመርኩ፣ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አሁን ጠፋኝ። ስጨርስ መጣሁ ላነብ። እጇ አልተነሳም። ጠበቅኩ። ተመልሼ ልሄድ ስል እጅጌዬን ያዘችኝ። ከዚያ ለቀቀችኝ፣ ለመናገር ያው አንድ እጅ ነው ያላት።

«አትመላለሺ። እዚሁ ቁጭ በይ።»

በእነሱ ነው ያለችው። ገባኝ። መቼ እንደለመድኩት እንጃ።

በሩን አየሁ። እዚያ ሆኜ የምለው ብዙ ነበረኝ፤ የሚያየው ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም። ካፊያ ወንበር አምጥታ በግራዋ አደረገችልኝ። ተቀመጥኩ።

ደረቴ ላይ፣ በአንድ እጅ፣ አሳንሼ «በላሽ?» አልኳት።

አዝራር ጣቴን ይዛ አስተካከለችልኝ። «በላሁ» አለች።

ሌላ የማውቀው ስላልነበረኝ እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።