የግራሩ ጠርዝ

ናዝሬት፣ ጥር 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ አባባ ገርባ፣

ጠረጴዛው ትናንት ጠዋት ደረቀ። ዛሬ እግሩን ገጠምኩለት።

እንጨቱ የእርስዎ ግራር ነው፤ አምና በጥር እኔ የቆረጥኩት።

ልጅዎ፣ ባለቤቴ ዘርፉ፣ እንዳልጽፍልዎ መክራኝ ነበር። "የአባዬን ቁስል አትነካካ" ብላ። እኔ ግን አንድ ዓመት ዝም ማለቴ ይበቃኛል። ወለንጪቲ አጠገብ የነበረው ቤትዎ ፈርሶ ወደ አዲሱ መንደር ሲዛወሩ፣ የመንደር ምሥረታው ኮሚቴ ለአዳራሽ ግራሩን ፈለገ። አናጺ መሆኔን ስለሚያውቅ መጋዙን ለእኔ ሰጠኝ። "እኔ ባልቆርጠው ሌላው ይቆርጠዋል" አልኩ። እውነት ነበር። ግን አስቀድሜ መጥቼ አልነገርኩዎትም፤ ፈርቼ ነው። ከገበያ ሲመለሱ ጉቶውን አገኙት። "ቤቴን ያፈረሱት ባዕዶች ናቸው። ዛፌን ግን አንተ፣ ንዋይ?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም።

ቅርንጫፎቹ ለአዳራሹ ሄዱ። ግንዱ ከሰል ሊሆን ሲል ለምኜ ወሰድኩት። ቆቃ ላይ የአሣ ጀልባ ከሚጠግነው ከጆቴ ጋር ሁለት ሆነን ከግንዱ ሳንቃ አወጣን፤ ዓመቱን ሙሉ በጥላ አደረቅነው። ቅርፊቱን ልጬ ጠርዙን እንደበቀለ ስተወው ጆቴ አላስቀመጠኝም።

"ምነው አናጺው፣ መሃል ላይ ደከመህ? ቀና አድርገው እንጂ፣ ሰው ይስቅብሃል!"

ጠርዙ ላይ አንድ ጎድጓዳ መስመር አለ። ቀፎ ሲሰቅሉ የሚጎትቱት ገመድ በሠላሳ ዓመት የበላው ነው። በመላጊያ ብነካው ይጠፋል። አልነካሁትም።

መሃሉን ግን ምስጥ ቦርቡሮታል። ጆቴ ከጀልባ ጥገና የተረፈ ኢፖክሲ የሚሉት ሙጫ ሰጠኝ፤ ሙጫው በአንድ ቆርቆሮ፣ ማድረቂያው በሌላ። እኔም ችኩሉ፣ ግማሹን በቀትር ፀሐይ በአንድ ባልዲ በጠበጥኩት። ገና ሳላፈስሰው ጨሰ፤ ከባልዲው ጋር ድንጋይ ሆነ።

"በል፣ ባልዲ ተክለሃል፤ ውኃ አጠጣው!" አለ ጆቴ።

የቀረውን ማለዳ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በትንሽ በትንሹ እየለካሁ በጠበጥኩ። አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረብኩ በአምስት ቀን ሞላሁት። ቀለሙ ማር ይመስላል። ዘርፉ በጣቷ ነካችው፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ጠረጴዛው ካሣ አይደለም፤ ተመልሶ ዛፍ አይሆንም። ጥፋቴን ሳልደብቅ ቤቴ መሃል የማስቀምጥበት ሌላ መንገድ ግን አላገኘሁም።

አሁን የምጠይቅዎት ነገር አለ። የልጅ ልጅዎን ጫልቱን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ ጥር 17 ይመጣሉ። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ እርስዎን ሳላማክር መልስ ሰጠሁ። ያንን አልደግመውም።

"አባዬ ካልመጣስ?" ትላለች ዘርፉ።

"አባትሽ ካልመጡ ሽማግሌዎቹ ሌላ ቀን ይቀጠራሉ" አልኳት። ጫልቱም ተስማምታለች።

የገመዱ ምልክት ባለበት በኩል አንድ ወንበር አኑሬያለሁ። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።

ሽማግሌዎቹ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። እርስዎ ካልተናገሩ እኔ የምሰጣቸው መልስ የለኝም።

አክባሪ አማችዎ፣
ንዋይ