ውሾቹ ያልጮኹበት ቅያስ

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ከሁሉ የገረመኝ ውሾቹ አለመጮኻቸው ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ሰፈር ክትባት ይዤ በር ማንኳኳት ከጀመርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። የእንስሳት ሐኪም ሲያዩ የማይጮኹ ውሾች አላጋጠሙኝም። ዛሬ ግን ጋራው ስር ባለው የመጨረሻ ቅያስ ላይ ጸጥ።

የምለውን በቃሌ ሸምድጄዋለሁ። ክረምቱ ሳይበረታ ይከተብ። አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥር ይኑረው። መኝታው ከፍ ያለና ደረቅ ይሁን። ገደል ስር ወይም ወንዝ ዳር አትሰሩት፤ ጎርፍ ሲመጣ የታሰረ ውሻ ማምለጫ የለውም።

መጨረሻ የገባሁት እትዬ ዘውዴ ጋ ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ዳማ ከሚባል ቀይ ውሻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ዳማ ጓሮ ባሕር ዛፍ ላይ በሰንሰለት ታስሮ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ጋራውን ያያል። መርፌ ስወጋው እንኳ አልዞረም።

«ይፍቱት» ብላቸው፣ «ሌባውን አንቺ ልትጠብቂልኝ ነው?» አሉኝ።

ማክሰኞ

ጠዋቱን ሙሉ ዝናብ። ጫማዬ በስብሷል።

የእትዬ ዘውዴ ጎረቤት ጋሽ ቶሎሳ፣ ድሮ እዚሁ ጋራ ላይ ያርሱ ነበር፤ አሁን ጥበቃ ናቸው። ድመታቸው ግልገሎቿን በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ አዛውራለች። ከአልጋ ስር ወደ ማድቤት፣ ከማድቤት ወደ አጥር፣ አሁን ደግሞ ቅያሱን ተሻግራ ሰው ግቢ ውስጥ። በዝናብ! አንዱን በአፏ አንጠልጥላ ስትሄድ አይቻት ወደኋላ አላየችም።

«በሬም ከእሁድ ጀምሮ አልዘጋ ብሎኛል» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ «የብረት በር እኮ ነው።»

ረቡዕ

እትዬ ዘውዴ በጠዋት ደወሉ፤ ዳማ እህል አልቀምስ ብሏል።

ሙቀቱ ደህና። ድዱ ደህና። ሆዱ ደህና። ግን ይንቀጠቀጣል። ምንም አላገኘሁበትም።

«እኔም ደህና አልተኛሁም» አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው። «ከወለሉ ስር ያንኳኳል።» እርጅና ነው ብዬ በልቤ አዘንኩላቸው። ከዚያ እኔም ሰማሁት። ሦስት ጊዜ፣ ደረቅ፣ በጣት አንጓ በር እንደሚመታ። እንደገና አንድ ጊዜ።

ጓሮ ወጣሁ። ከቤቱ ጀርባ መሬቱ ተሰንጥቋል። እጄን ብሰደው እስከ ክርኔ ገባ፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከስንጥቁ በላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ሁሉ ወደ ቤቱ ዘንበል ብለዋል።

ለወረዳው ደወልኩ፤ ነገ ባለሙያ ይዘን እንመጣለን፣ እስከዚያ ሰዎቹ ይውጡ አሉ። ጋሽ ቶሎሳ ወዲያው ቤተሰባቸውን፣ በጎቻቸውንና ድመቷን ከነግልገሎቿ ይዘው ላምበረት ዘመድ ጋ ሄዱ። እትዬ ዘውዴ ግን አሻፈረኝ አሉ።

«የዳርኩበት፣ የቀበርኩበት ቤት ነው። ውሻ አኮረፈ ብዬ የት ልሂድ?»

ለምኜ ለምኜ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው፤ ዳማን ፈቱት። ለእንስሳቱ ስንት ምክር ይዤ ስዞር፣ ለባለቤቶቹ ያዘጋጀሁት ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን ዛሬ አየሁ። አፈርኩ።

ሐሙስ



ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ባለሙያዎቹ ሳይደርሱ ሄጄ እንደገና ልለምናቸው አሰብኩ። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ቅያሱን ሞልቶታል። ግማሽ መንገድ ላይ ዳማ መሐል መንገድ ቆሟል። አልፌው ልሂድ ስል ሱሪዬን በጥርሱ ያዘ። አላጉረመረመም፣ አልነከሰኝም። ብቻ ያዘኝ። «ዳማዬ፣ ልቀቀኝ» እያልኩ በሹክሹክታ ስለማመጠው ቆየሁ። ጉሙ ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር አስፈራኝ።

ከዚያ እትዬ ዘውዴ ከጉሙ ወጡ። ነጠላቸው ተጎትቷል፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላሉ።

አጠገቤ እንደደረሱ ድምጹ መጣ። ነጎድጓድ አይደለም። ሲኖትራክ ጠጠር ሲገለብጥ ያለው ዓይነት፣ ግን የማያቆም። ጉሙ ለአፍታ ሲገለጥ ባሕር ዛፎቹ እንደቆሙ ሲወርዱ አየሁ። ሳይወድቁ፣ ቀጥ ብለው፣ እንደ ሰው ወረፋ። ቤቱ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ የለም።

ዓርብ

ሰው አልሞተም። እንስሳም። የሄዱት ሁለት ቤቶች ናቸው፤ የእትዬ ዘውዴና የጋሽ ቶሎሳ። የቅያሱ ሰው ሁሉ በወረዳው ትእዛዝ ወጥቷል።

እትዬ ዘውዴ የእህታቸው ልጅ ጋ ናቸው፤ ዛሬ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ዳማ እግራቸው ስር ተኝቶ ያንኮራፋል፤ አንድ ሳህን ሙሉ በልቷል።

እጄን ይዘው አለቀሱ። «አንቺ ባትጠሪኝ ኖሮ ከወንበሬ አልነሣም ነበር» አሉ። «ደጄ ላይ ቆመሽ ዘውዴ፣ ዘውዴ ስትይ! ደግሞ ሦስተኛውን ጮኸሽ። እትዬ የለ፣ ምን የለ። ተቆጥቼሽ ነው ያንዱን እግር ጫማ እንኳ ሳላደርግ የወጣሁት።»

ደጃቸው አልደረስኩም። ዳማ ይዞኝ ነበር። በዚያ ሰዓት ቅያሱ ላይ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ሰው አላየሁም፤ ሲጣራም አልሰማሁም። እሳቸውን ያለ እትዬ ጠርቼም አላውቅ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ደንግጬ ነው» አልኳቸው።